ሕግ ነበረ፣ መርማሪ ነበረ፣ ጥይት ለምን ቀደመ?

ስለ «ስድሳዎቹ» ወሬ ሲነሳ ክርክራችን ሁሌም እዚያው ይሽከረከራል። አንዱ፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ለኢትዮጵያ እንዴት እንደተሟገቱ ያወራል። ሌላው ወዲያው፣ «ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የት ነበሩ?» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ጥፋተኞች ነበሩ ብለን እንነሳ። ታዲያ ደርግ ለምን ፍርድ ቤት አላቀረባቸውም?

ነገሩን እናስታውስ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ወታደሩ የሚፎክረው «ያለ ምንም ደም» እያለ ነበር። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን ቅዳሜ ሌሊት፣ እስረኞቹ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ወጥተው ከርቸሌ ተወሰዱና ተረሸኑ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ አሉበት። ራስ አስራተ ካሳ አሉበት። የንጉሡ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታም አለበት። ብዙዎቻችን የምንረሳው ደግሞ፣ ከመኳንንቱና ከጄኔራሎቹ ጎን ደርግን የተቃወሙ ተራ ወታደሮችና ዝቅተኛ መኮንኖች መገደላቸውን ነው። እነሱ የማን ፊውዳል ነበሩ?

በዚያች ሌሊት ደርግ የሕግ መሣሪያ አላጣም። አንደኛ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የነበሩበት መርማሪ ኮሚሽን የባለሥልጣናቱን ጥፋት እያጣራ ነበር፤ ከሥራው አንዱ የወሎ ረሃብ ነው። አክሊሉ እስር ቤት ሆነው ማስታወሻቸውን የጻፉት ለዚሁ ኮሚሽን ነው። ሁለተኛ፣ ደርግ ራሱ ግድያው ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ልዩ የጦር ፍርድ ቤትና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አውጇል። ሕጉ የራሱ፣ ዳኞቹ የራሱ፣ ጠመንጃው የራሱ። በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ዳኛው እንኳ ለመጫወት አልፈለገም! ስም ዝርዝር እየተነበበ ድምፅ ተሰጠ፤ ውሳኔውም «ፖለቲካዊ» ተባለ።

ለምን? መልሱን ለማግኘት ያን ሰሞን የነበረውን የጦር ፖሊሲ ጠብ ማየት ያስፈልጋል። የደርጉ ሊቀ መንበር ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም የኤርትራ ጉዳይ በሰላም ይፈታ ባይ ነበሩ፤ ተጨማሪ ጦር መላኩን ተቃወሙ። የእስረኞቹንም መገደል አልደገፉም። ሥልጣናቸውን ጥለው ቤታቸው ገቡ። በዚያችው ሌሊት ቤታቸው በጦር ተከቦ፣ በተኩስ ልውውጥ ሞቱ። እንግዲህ ሁለቱ ጉዳዮች የተለያዩ አይመስሉኝም። «ጦር ይዝመት ወይስ እንነጋገር?» የሚለው ጥያቄና «ይፈረድባቸው ወይስ ይረሸኑ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ሌሊት አንድ ዓይነት መልስ አገኙ። ከዚያ በኋላ በኤርትራ ጦርነቱ እስከ 1983 ዓ.ም. ቀጠለ። ያ ሁሉ የመጣው በአንድ ሌሊት ምክንያት ነው አልልም። ነገር ግን «አይሆንም» ያለ ሊቀ መንበር እንዲያ ሲሞት ያየ መኮንን፣ ቀጥሎ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ለመቃወም ምን ወኔ ይቀረዋል?

«ለወሎ ሙታን ማን አለቀሰ?» ለሚሉኝ ደግሞ መልሴ ይኸው ነው። ችሎት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለወሎ ሙታን ነበር። ረሃቡን ማን ደበቀው? ሪፖርቱ ማን ጠረጴዛ ላይ ቀረ? ይህን በአደባባይ ሊጠየቁና ሊመልሱ የሚችሉት ሰዎች ከርቸሌ ግቢ ውስጥ ተቀበሩ። ተከሳሽ ሲገደል ምስክርም አብሮ ይገደላል።

ከዓመታት በኋላ ተራው የደርግ አባላት ሆነ። ችሎቱ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ፍርዱ በ1999 ዓ.ም. ተሰጠ፤ አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። የተፈረደባቸው በዘር ማጥፋት ወንጀል ነው። ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የንጉሡ ዘመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ግን፣ ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፋ አድርጎ የፖለቲካ ቡድንንም ይጠብቅ ነበር። ምፀቱን ልብ በሉ፤ የተገደሉት ሰዎች ባገለገሉበት ዘመን የወጣ ሕግ ነው በገዳዮቻቸው ላይ የተጠቀሰው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት፣ ዚምባብዌ ሆኖ ተፈረደበት። ሌሎቹ ጠበቃ አቁመው ተከራከሩ፣ ይግባኝ አሉ። በ2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረላቸው፤ ብዙዎቹም በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተፈቱ።

ያ ችሎት ዘገየ፣ የአሸናፊ ፍርድ ነው ተብሎም ተተቸ። ትችቱ ውኃ ያነሳል። ሆኖም ስለ ኅዳር 14 ዛሬ በማስረጃ መከራከር የቻልነው ቃለ ጉባኤው ችሎት ፊት ስለቀረበ፣ ምስክር ስለተሰማ ነው። የስድሳዎቹ ክስ ግን አልተሰማም፣ መልሳቸውም አልተሰማም። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስልካችን ላይ «ይህማ ምን ፍርድ ያስፈልገዋል!» የሚል ጽሑፍ ስናይ፣ ከመውደዳችንና ከማጋራታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ሰውየው ሳይሰማ ቢሞት፣ እኛ ሳናውቀው የሚቀረው ምንድን ነው?