የቤት ፕላንና የመተማ ፀሐይ



ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ያሠሩት ግንብ በድንጋይና በኖራ የታነጸ ነው፤ ወፍራሙ ግድግዳ ለደጋ ብርድ ይስማማል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ግን ከፍታዋ ከ1000 ሜትር በታች የሆነ ቆላ ናት። የቆላው ሰው ጎጆውን በእንጨትና በሣር የሠራው ነፋስ እንዲያሳልፍለት ነው።

ዛሬ ፕላን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ይነደፋል፤ መሣሪያው ግን ያልነገሩትን አያውቅም። ስለዚህ ወደ መተማ ተዛውራችሁ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፥ አስቀድማችሁ የቦታውን ልክ በሜትር፥ ሰሜኑም በየት በኩል እንደሆነ አስገቡ። የጧትና የማታ ፀሐይ አጭሩን ጎን ብቻ እንዲመታ ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዙሩ፤ መስኮቶቹን ትይዩ አድርጉ፤ በረንዳውን አስፉ። የደጋን ፕላን ገልብጦ በቆላ የሚያቆም ሰው በገዛ ገንዘቡ ምድጃ ሠርቶ ይገባበታል።