ልብን አቅፎ የሚያግዘው ለስላሳ ሮቦት ሞያሌ ቢደርስ ምን ይፈይዳል?

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በኬንያው ወገን፣ በማርሳቢት ካውንቲ የሚኖር ሰው የልብ ቀዶ ሕክምና ቢታዘዝለት ረጅም ጉዞ ይጠብቀዋል።

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ጡንቻው ሰውነት የሚሻውን ያህል ደም መግፋት ሲሳነው ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል። ለጠናበት ሰው በልብ ላይ የሚተከል ሜካኒካዊ ፓምፕ አለ። ነገር ግን ደም በፓምፑ ውስጥ ስለሚያልፍ እንዳይረጋ ታማሚው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳል፤ ይህም በተራው ለመድማት ያጋልጣል።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች እአአ በጥር 2017 ይፋ ያደረጉት መሣሪያ ሌላ መንገድ የተከተለ ነው። አየርላንዳዊቷ መሐንዲስ ኤለን ሮሽና ባልደረቦቿ የሠሩት ይህ የሲሊኮን እጅጌ ልብን ከውጭ ያቅፋል እንጂ ደም አይነካም። የታመቀ አየር ሲገባባቸው የሚኮማተሩ ሰው ሠራሽ ጡንቻዎች በሁለት ንብርብር ተደርድረዋል፤ አንደኛው ልብን ዙሪያውን ይጨምቃል፣ ሌላው ይጠመዝዛል። የጤናማ ልብ ምትም እንዲሁ መጭመቅና መጠምዘዝ ነው። እጅጌው ከልቡ ምት ጋር እየተናበበ ያግዛል።

ሙከራው የተደረገው በአሳማዎች ላይ ሲሆን የደከመው ልባቸው የሚረጨው ደም ጨምሯል። አየሩን የሚነፋው መሣሪያ ግን ከአካል ውጭ ነበር። ከዚያ አንስቶ ለዓመታት በሰው ደረት ውስጥ እስከሚቆይ መሣሪያ ያለው ርቀት ቀላል አይደለም።

በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። በአካባቢው የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚያደክመው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በወቅቱ ያልታከመ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሲሆን በዋናነት የሚጎዳው ጡንቻውን ሳይሆን የልብ ቫልቮችን ነው። ቫልቩ የሚያፈስ ወይም የጠበበ ልብ ከውጭ ቢታቀፍ ጉዳቱ አይጠገንም፤ ቫልቩ መታደስ ወይም መቀየር አለበት። በ1989 እአአ በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም በዚህ ሕመም የተጎዱ በርካታ ልጆችን ሲረዳ ኖሯል።

ሕመሙ ገና በጉሮሮ ላይ ሳለ ግን ፔኒሲሊን ይበቃዋል። ይህን ለመስጠት የሞያሌ ጤና ጣቢያ የልብ ቀዶ ሐኪም አያስፈልገውም፤ የጉሮሮውን ሕመም በጊዜ የሚለይ ባለሙያና ከመደርደሪያው የማይጠፋ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው።