ሸማና ሰንደቅ በመናገሻ ዙሪያ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የወጨጫን ተራራ ተገን አድርጎ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚነግረን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። እኒህ ንጉሥ ግን በዜና መዋዕል ጎልተው የሚታወቁት በተከሉት ዛፍ አይደለም፤ ሕዝበ ክርስቲያኑ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በክንዱም ላይ ሰይጣንን የካደበትን ቃል እንዲጽፍ በማዘዛቸው፣ በ1442 ዓ.ም. ገደማም በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አቁመው የሰንበታትን ክርክር በመቍረጣቸው ነው እንጂ። ይህን ስል ነገረ ሃይማኖትን ማቃለሌ አይደለም፤ በዚያ ዘመን የመንግሥቱ አንድነት የቆመው በእርሱ ላይ ነበርና። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በዚህች አገር ሥልጣን የያዘውም ሥልጣን የሚሻውም በሰው ግንባር ላይ ስለሚታየው ምልክት ለመደንገግ የፈጠነውን ያህል፣ ስለ ሰው የእጅ ሥራ ለመደንገግ ዘገምተኛ መሆኑን የመናገሻን አካባቢ ታሪክ የመረመረ ሁሉ ሳይወድ በግድ ይገነዘበዋል።

በቀድሞው አስተዳደር መናገሻ አውራጃ ይባል የነበረው አገር፣ ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የከተሙበት ምድር፣ ለመናገሻይቱ ከተማ ከመጀመሪያው አንሥቶ ጓዳ ሆኖ ኖሯል። ውሃው ከገፈርሳ፣ ወተቱና ድርቆሹ ከሱሉልታ፣ የሜታ አቦ ቢራ ከሰበታ ይወርዳል። ጓዳ ደግሞ የማይነገርለት ቤት ነው፤ እንግዳ የሚቀመጠው እልፍኝ ነውና።

ምልክትን እንጂ የእጅ ሥራን ካለመደንገግ ልማድ ልዩ ሆኖ የሚታየኝ አንድ ዐዋጅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው ሥርዐተ መንግሥቱን ካደራጁ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውንና የሚነግደውን ሰው በሙያው ስም እያነወረ የሚሰድበውን ሁሉ የሚከለክል ቃል አስነገሩ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ ነው፤ ስድብን መከልከል ሆዱ የጎደለበትን ሰው የሚያጠግብ አይመስልምና። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ባለእጅ መባል ማለት ርስት ማጣት፣ ከጨዋ ልጅ ጋር አለመጋባት፣ በማኅበር አለመቀመጥ ማለት ስለ ነበር፣ ብልሁ ሰው ሙያውን ለልጁ ማውረስን ይፈራ፣ ሰነፉም የሥራ ፈትነቱን ከጨዋነት ይቈጥረው ነበር። ንጉሡም ተግባረ እድ የተናቀበት አገር እንደማይበለጽግ ስላስተዋሉ ክብርንና እንጀራን በአንድ ቃል አሰሩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሁለቱን እንዲህ አጣምሮ የተናገረ ዐዋጅ እምብዛም አላገኘሁም።

ዐዋጁ ግን ስድቡን ከለከለ እንጂ ገበያውን አላስተካከለም። ሸማኔው በተከበረበት ዓመት ከአሜሪካ በባሕር የሚመጣው አቡጀዲ በየገበያው ይቸበቸብ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም የጃፓን ጨርቅ ተከተለው። በዚያ ትውልድ መካከል የነገሩን ሥር ያየ ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ፤ በድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በዐይናቸው የተመለከቱ ስለ ነበሩ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል ሕዝብ ነጻነቱ ከስም እንደማያልፍ ያስረዳል። መጽሐፉ ተደነቀ፤ ነገሩ ግን ከመጽሐፉ ወደ ሥራው ሳይሻገር ቀረ።

የሸማ ሥራ ምን ያህል ድካም እንደሆነ በቡራዩ ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ቆሞ የተመለከተ ያውቀዋል። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ በረገጠ ቍጥር ድሩ አፉን ይከፍታል፤ በተከፈተው አፍ ቀሰም የያዘው መወርወሪያ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይፈተለካል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ፍጥነት ይገታና፣ ባለቀለሙ ክር በጣት እየተለቀመ፣ አንዲት ጣት የማትሞላ ጥበብ ረጅም ሰዓት ትበላለች። ማጉን የምትፈትለው ሴት ናት፤ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ካደረገች በኋላ አመልማሎውን በእንዝርት ታሾረዋለች። የድሩ ክር ከፋብሪካ የሚገዛ ስለሆነ፣ ፋብሪካው ጥጥ ሲያጣ ወይም የክር ዋጋ ሲንር መጀመሪያ የሚራበው ይህ ጉድጓድ ነው። ሸማኔዎቹ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፍረው ኖሩ፤ ከተማዪቱ እየሰፋች ስትሄድም ብዙዎቹ ቡራዩን በመሰሉ ዳርቻዎች ጎጆ ቀለሱ።

በነዚሁ ዳርቻዎች የሚያርሰው ሰው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረበት። በዐዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድበት የሚሰጠው የመፈናቀያ ካሣ፣ በፊተኞቹ አምስት ዓመታት ያገኘው የዓመት ገቢ ተማክሎ በዐሥር የተባዛው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ከፍ ቢያደርገውም፣ ጭብጥ ብር ይዞ ከማሳው የወጣ ገበሬ ማረሻ እንጂ ሌላ ሙያ ስለማያውቅ፣ ልጁ በአባቱ መሬት ላይ በቆመው ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ መቀጠርን ዕድል ይለዋል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በተነገረ ጊዜ፣ በሚያዝያ 2006 በአምቦ ተማሪዎች፣ በኅዳር 2008 በጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ሥሩ ይህ የመሬት ጭንቀት ነበር፤ በጥር 2008 ዕቅዱ መቅረቱ ቢነገርም ቍጣው አልበረደም። በመስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ በሰበታ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። በአመዱም ላይ የዚያ አገር ልጆች ሥራ ፈትተው ቆሙ። በአደባባይ የተናገሩት የዚህም የዚያም ወገን ፖለቲከኞች ግን ስለ ድንበርና ስለ ስም፣ ስለ ባለቤትነትና ስለ ልዩ ጥቅም ተናገሩ፤ ገበሬው በዐሥር ዓመት ካሣ በዐሥራ አንደኛው ዓመት ምን እንደሚበላ የተናገረ ጥቂት ነበር።

እንዲህ የሚሆነው ስለ ምን ነው ቢሉ፣ ምልክትን ማወጅ ከግምጃ ቤት ገንዘብ ስለማያስወጣ ነው። ለሸማኔው ርካሽ ክር ለማቅረብ ጥጥ፣ መዘውርና የውጭ ምንዛሪ ያሻል፤ ፍሬውም ከተናጋሪው የሹመት ዘመን በኋላ የሚታይ ነው። ስለ ሰንደቅ ለመናገር ግን የድምፅ ማጉያ ይበቃል፤ ጭብጨባውም በዚያው ሰዓት ይሰማል። በዚህ ላይ ተናጋሪው ሁልጊዜ አታላይ አይደለም። ስሙ የተነጠቀበትና ቋንቋው የተናቀበት ሰው እንጀራ ብቻ ቢሰጡት አይጠግብም፤ የ1900ውም ዐዋጅ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ጥፋቱ ክብርን ማንሣት አይደለም፤ ክብርን ከእንጀራው ፈልቅቆ ለብቻው ወደ አደባባይ ማውጣት ነው።

ይህ ፍልቀቃ እስከ ምን እንደሚያደርስ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታየ። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሪዎች በመስከረም 5 ቀን ሊገቡ ሲሉ፣ በአዲስ አበባ የመንገድ ጠርዞች በየትኛው ሰንደቅ ቀለም ይቀቡ በሚል ወጣቶች ተጋጩ። በዚያው ሰሞን እሳቱ ወደ ቡራዩ ተሻገረና በሰንደቁ ክርክር እጃቸው የሌለበት፣ ቀለም የሚያውቁት በጥለት ላይ ብቻ የሆኑ ሸማኔዎችና ቤተሰቦቻቸው ተገደሉ፣ ቤታቸውም ተዘረፈ። ፖሊስ በመጀመሪያ የሞቱት 23 ናቸው ሲል አምነስቲ ኢንተርናሽናል 58 መሆናቸውን ገለጸ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ብድር ለመመለስ ወጡ፤ የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም በባህላቸው ሕግ ሣሩን ተሻግረው ማለፍ ስለማይችሉ ተመለሱ። በዚያ ወራት ከተነገረው የፖለቲካ ንግግር ሁሉ ይህን ዝምታ የሚተካከል አላየሁም።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር ከተማ በሚባለው አዲስ አስተዳደር ውስጥ ክፍለ ከተሞች ሆኑ። በዚያው ዓመት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ይሰቀል አይሰቀል፣ መዝሙሩም ይዘመር አይዘመር በሚል ጠብ ትምህርት ተቋረጠ፤ ሹማምንት መግለጫ ሰጡ፣ ተቃዋሚዎችም መግለጫውን በመግለጫ መለሱ። የዋጋው ንረት በነዚያው ወራት ከመቶ 30 በላይ ነበር፤ በክር ዋጋ ላይ የተሰጠ መግለጫ ግን አልሰማሁም።