የጥርስ ብሩሽ፣ የጥርስ ሳሙናና መፋቂያ፦ ጥርስን ሳይጎዱ ብክለትን መቀነስ

አንድ ተራ የጥርስ ብሩሽ 20 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በታች ይመዝናል። የጥርስ ሐኪሞች እንደሚመክሩት በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ከተለወጠ፣ አንድ ሰው በዓመት ሦስት ወይም አራት ብሩሽ ይጥላል፤ በ70 ዓመት ዕድሜ ከ200 በላይ መሆኑ ነው። ሁሉም ተሰብስቦ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን አምስት ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። አንድ ቤተሰብ ከሚጥለው የምግብ ማሸጊያና የውኃ ጠርሙስ ጋር ሲነጻጸር ይህ ብዙ የሚባል አይደለም። ብሩሹን መነጋገሪያ ያደረገው ከብዛቱ ይልቅ ጠባዩ ነው። አይበሰብስም፤ በአብዛኛው ሥፍራም መልሶ ጥቅም ላይ አይውልም፤ ማንም ሰው ደግሞ “ይቅርብኝ” ሊለው የሚገባ ዕቃ አይደለም።

ስለዚህም ባለፉት ዓመታት የቀርከሃ ብሩሽ፣ በክኒን መልክ የተሠራ የጥርስ ሳሙና፣ ከሐር የተፈተለ የጥርስ ክርና ሌሎችም “ለአካባቢ ተስማሚ” የሚል ጽሑፍ የሰፈረባቸው ሸቀጦች በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች በርክተዋል። ብዙዎቹ እውነተኛ ጥቅም አላቸው። አንዳንዶቹ ግን ፕላስቲኩን ሲያስቀሩ፣ ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀውን ነገርም አብረው ያስቀራሉ። የተቦረቦረ ጥርስ ደግሞ ከብሩሽ የባሰ ብክለት ያስከትላል፤ ምክንያቱን ቆይተን እንመለስበታለን።

ብሩሹ ከምን ይሠራል?

እስከ 1938 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፋብሪካ የሚመረተው የጥርስ ብሩሽ ፀጉር በአብዛኛው የአሳማ ፀጉር ነበር፤ እጀታውም ቀደም ባለው ጊዜ ከአጥንት ወይም ከእንጨት ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ዱፖን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አዲስ የፈለሰፈውን ናይለን ለብሩሽ ፀጉር አዋለው። ናይለኑ ቶሎ ይደርቃል፣ ይጸዳል፣ ይረክሳልም። ብዙም ሳይቆይ እጀታው ሙሉ በሙሉ ወደ ፕላስቲክ ዞረ።

ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ብሩሽ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እጀታው ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ፣ ፀጉሩ ከናይለን፣ መጨበጫው ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ደግሞ ከሌላ የጎማ ዓይነት ይሠራል። ፀጉሩን ከእጀታው ጋር የሚያጣብቁት ጥቃቅን ብረቶች ናቸው። እነዚህን መለያየት ከሚያስገኘው ጥቅም ይልቅ ወጪው ይበዛል። ብሩሹ ትንሽና ቀጭን በመሆኑም በቆሻሻ መለያ ማዕከላት የሚሠሩት ማሽኖች አይዙትም፤ በቀዳዳው ሾልኮ ይወድቃል። በቅን ልቦና ብሩሹን ከጠርሙስና ከወረቀት ጋር በአንድ መያዣ የሚጥል ሰው ብዙውን ጊዜ ያተረፈው ነገር የለም።

ቀርከሃ፣ የሚለወጥ ጭንቅላትና ኤሌክትሪክ

በ2020 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢስትማን የጥርስ ሕክምና ተቋምና በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚገኙ ተመራማሪዎች አራት ዓይነት ብሩሾችን ከጥሬ ዕቃቸው እስከሚጣሉበት ድረስ ተከታትለው አነጻጽረዋል። አራቱም ተራው የፕላስቲክ ብሩሽ፣ የቀርከሃ ብሩሽ፣ እጀታው ቀርቶ ጭንቅላቱ ብቻ የሚለወጥ የፕላስቲክ ብሩሽ እና በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሞላው ብሩሽ ናቸው። ከተመዘኑባቸው 16 የአካባቢ ጉዳት መለኪያዎች በ15ቱ የከፋ ሆኖ የተገኘው የኤሌክትሪኩ ነው። በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና ከቀርከሃው 11 እጥፍ ያህል ሆኗል። ባትሪው፣ ሞተሩና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ከየማዕድኑ ተለቅመው፣ በየፋብሪካው ዞረው የሚመጡ ናቸው። አነስተኛ ጉዳት ያላቸው ሆነው የተገኙት ቀርከሃውና ጭንቅላቱ የሚለወጠው ፕላስቲክ ናቸው።

የዚህ ውጤት አስገራሚ ክፍል የመጨረሻው ነው። ፕላስቲክ የሚለው ቃል ብቻ ዕቃውን አያስኮንነውም፤ እጀታው ለዓመታት ካገለገለ ከእንጨቱ የማይተናነስ ሊሆን ይችላል። ቀርከሃም ቢሆን የሚበቅልበት መሬት ይፈልጋል፤ ያ መሬት ለደን ወይም ለሌላ ሰብል ሊውል ይችል እንደነበር ተመራማሪዎቹ አስታውሰዋል።

የቀርከሃ ብሩሽ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል። አንደኛው፣ እጀታው ቢበሰብስም ፀጉሩ በአብዛኛው ያው ናይለን ነው። ከጉሎ ዘይት የተሠራ ነው ቢባልም መነሻው ዕፅዋት መሆኑ እንጂ ይበሰብሳል ማለት አይደለም፤ በመሆኑም እጀታው ወደ ብስባሽ ከመጣሉ በፊት ፀጉሩ በጉጠት መነቀል አለበት። ሁለተኛው፣ ሙሉ በሙሉ የሚበሰብስ “የተፈጥሮ ፀጉር” የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ብሩሾች ብዙውን ጊዜ የአሳማ ፀጉር ናቸው። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ቤተ እስራኤላዊም ሆነ ሌላ፣ አሳማን በማይቀምስ ቤት ይህ ሳይታወቅ የሚገባ ዕቃ መሆን የለበትም። ጽሑፉን አገላብጦ ማንበብ፣ ካልተገለጸም ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

የኤሌክትሪኩን ብሩሽ በጥቅሉ ማውገዝም ልክ አይሆንም። ኮክሬን የተሰኘው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2014 ባወጣው ግምገማ፣ የኤሌክትሪክ ብሩሽ ከሦስት ወር በላይ ጥቅም ላይ ሲውል በጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ በ21 በመቶ፣ የድድ ብግነትን በ11 በመቶ ከተራው ብሩሽ ይበልጥ እንደሚቀንስ አመልክቷል። የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ወይም እጃቸውን እንደልብ ለማያዝዙ ሰዎች ምትክ የለውም። ያላቸው ሰዎች እስኪበላሽ ድረስ ቢጠቀሙበትና ሲበላሽ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ቢወስዱት ይሻላል። ባትሪው ከተራ ቆሻሻ ጋር ሲጣል መርዛማ ከመሆኑም ሌላ በቆሻሻ መኪና ውስጥ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቱቦውና በውስጡ ያለው

አገር ቤት “ኮልጌት” የአንድ ኩባንያ ስም መሆኑ ቀርቶ የጥርስ ሳሙና ሁሉ መጠሪያ ከሆነ ቆይቷል። የሳሙናው ቱቦ ለረጅም ጊዜ የተሠራው በፕላስቲክ ንብርብሮች መካከል ስስ አሉሚኒየም በማስገባት ነው። አሉሚኒየሙ ሳሙናው እንዳይደርቅና ጣዕሙ እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሁለቱን ቁሶች መለየት አዳጋች ስለሆነ ቱቦው ከቆሻሻ ክምር አያልፍም ነበር። በ2019 ስሙን ለሳሙና ሁሉ ያወረሰው ይኸው ኩባንያ፣ የወተት ጠርሙስ ከሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት ብቻ የተሠራ ቱቦ አወጣ፤ አሠራሩንም ለተፎካካሪዎቹ ክፍት አደረገ። አሁን ብዙ አምራቾች ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ቱቦው ለዚህ ይመቻል ማለት ግን የሚኖሩበት ከተማ ይቀበለዋል ማለት አይደለምና የአካባቢውን የቆሻሻ አሰባሰብ መመሪያ ማየት የግድ ነው።

ቀድሞ በአንዳንድ ሳሙናዎች ውስጥ ይጨመሩ የነበሩት ከአሸዋ ያነሱ የፕላስቲክ ጠጠሮች በብዙ አገሮች ታግደዋል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ሕግ የጥርስ ሳሙናን በስም ጠቅሶ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ምርቱን አቁሟል፤ ብሪታንያ በ2018፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ተከትለዋል። ለውኃ ውስጥ አልጌዎች መርዝ የሆነው ትሪክሎሳን የተባለው ፀረ ባክቴሪያም ከታወቁ ሳሙናዎች ወጥቷል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ፍሎራይድ ላይ ነው። በቱቦ ፋንታ በብርጭቆ ዕቃ የሚሸጡት የክኒን ሳሙናዎች በቆሻሻ ቅነሳ ረገድ ጥሩ ሐሳብ ናቸው፤ ሆኖም ብዙዎቹ ፍሎራይድ የላቸውም። በከሰል የተሠሩት ሳሙናዎችም እንዲሁ፤ ከዚያም አልፎ የጥርስን ገለባ ሊፍቁ ይችላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ለአዋቂ የሚመከረው በማሸጊያው ላይ ከ1,350 እስከ 1,500 ፒፒኤም ተብሎ የሚጻፈው መጠን ነው።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጡ ወገኖች ፍሎራይድ ሲባል የበለዘ ጥርስ ትዝ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። የጥርስ መበለዝ የሚመጣው ግን ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በልጅነት፣ ፍሎራይዱ የበዛ የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት ከመጠጣት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ያሉ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ሊበልጡ ይችላሉ። ተቦርሾ የሚተፋ ሳሙና ሌላ ነገር ነው። ሕፃናት እንዳይውጡት ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ማድረግ ይበቃል። ለአዋቂም ቢሆን የአተር ፍሬ መጠን በቂ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍነው ሳሙና የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ቧንቧውና የሐኪሙ ወንበር

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ጠዋትና ማታ ጥርስ ሲቦረሽ ቧንቧን መዝጋት በቀን እስከ 8 ጋሎን፣ ማለትም 30 ሊትር ያህል ውኃ ያድናል። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ደግሞ ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ ወዲያው በውኃ መጉመጥመጥ እንደማይገባ ይመክራል፤ ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ እንዲቆይ ነው። በትልቅ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውና አብዛኛው ውኃ የሆነው የአፍ መጉመጥመጫም ከብሩሽ በኋላ ወዲያው ከተወሰደ ይህንኑ ፍሎራይድ ያጥባል። ሐኪም ያላዘዘለት ሰው ቢተወው ጠርሙሱም፣ ገንዘቡም ይተርፋል።

የተቦረቦረ ጥርስ ከብሩሽ የበለጠ ብክለት ያስከትላል ያልንበት ምክንያት ይህ ነው፦ በእንግሊዝ የመንግሥት የጥርስ ሕክምና የሚያስከትለውን የካርቦን ልቀት ያሰላና በ2018 የወጣ ሪፖርት፣ ከጠቅላላው ልቀት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው የታካሚዎችና የሠራተኞች ጉዞ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ጥርስ ለማስሞላት ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሚጣለው ጓንትና ማሸጊያ፣ የማደንዘዣው መርፌ ሁሉ ተደምሮ ከብዙ ዓመት ብሩሽ ይበልጣል። ለረጅም ጊዜ ጥርስ ሲሞላበት የኖረው ብርማ ውሑድ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2025 ጀምሮ በመርሕ ደረጃ አግዶታል። ፍሎራይድ የሌለውን ሳሙና መርጦ አንዲት ቱቦ ያዳነ፣ ጥርሱ ግን የተቦረቦረ ሰው ከዚህ ስሌት አንጻር ከሳሪ ነው።

መፋቂያ

ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረውና አሁንም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በእቅፍ ታስሮ የሚሸጠው መፋቂያ ነው። ከወይራ፣ ከልምጭ፣ ከክትክታና ከሌሎችም ዛፎች ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይቆረጣል። ጫፉ ሲታኘክ ይበተንና ብሩሽ ይሆናል፤ ሲያረጅ ተቆርጦ ይጣላል፤ በማግሥቱ አፈር ነው። በገልፍ አገሮች የሚኖሩ ወገኖች በየሱቁ የሚያገኙት ሲዋክ ወይም ሚስዋክ የዚሁ ዘመድ ሲሆን፣ የሚገኘው አራክ ከሚባለው የበረሃ ቁጥቋጦ፣ በተለይም ከሥሩ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1980ዎቹ መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች ለአፍ ንጽሕና እንዲውል አበረታቷል።

መፋቂያ ጥርስን የሚያጸዳው በአጠቃቀሙ ልክ ነው። ብዙ ሰው የፊት ጥርሱን ብቻ በጎን እየፈተገ የኋላውን ይረሳል፤ በኃይል ሲፈተግም ድድ ይሸሻል። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በለስላሳው መፋቅ፣ የመንጋጋ ጥርሶችን ውስጠኛ ገጽ ጭምር መድረስ ያስፈልጋል። መፋቂያው የሳሙናውን ፍሎራይድ ስለማይተካ፣ ቀን ቀን በመፋቂያ የሚጠቀም ሰው ማታ ከመተኛቱ በፊት በፍሎራይድ ሳሙና ቢቦርሽ ሁለቱንም ያገኛል።

ምንጩም ይታሰብበት። ቅርንጫፉ በልክ ሲቆረጥ ዛፉ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ሲማስ ግን ተክሉ ይጎዳል። ወይራ ደግሞ ለማገዶ፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛና ለጠላ ጋን ሲባል ቀድሞውንም ብዙ የሚቆረጥ ዛፍ ነው። በመደብር የሚሸጠው ሚስዋክ እያንዳንዱ እንጨት ለብቻው በፕላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፤ ጥቅሉን በገፍ ወይም ሳይታሸግ የሚሸጥ ሱቅ ካለ ከዚያ መግዛት ይሻላል። ከአገር ቤት መፋቂያ ይዞ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውስትራሊያ የሚጓዝ ሰው ደግሞ እንጨቱ የዕፅዋት ውጤት በመሆኑ በአውሮፕላን ማረፊያው ማስታወቂያ ቅጽ ላይ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ሳያስመዘግብ ከተገኘ እንጨቱ ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል።