አረርቲ የሐለብ ልጅ

እኛ የከተማ ልጆች ሽምብራን የምናውቀው በሽሮ፣ በቆሎና በእሸት ነው። ዘሩ ከየት መጣ ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

አረርቲ የሚባለውን ነጭ ሽምብራ እንውሰድ። ስሙ የምንጃር ነው፤ የዘር ሐረጉ ግን የሚመዘዘው ከሶርያ፣ ሐለብ አጠገብ ከነበረው የኢካርዳ ምርምር ጣቢያ ነው። የአገራችን ነባር ሽምብራ በአብዛኛው ቡናማና ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር መሬት ላይ ተዘርቶ በቀረችው እርጥበት ይደርሳል። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ፍሬው ተለቅ ያለና በሽታ የሚቋቋም ዘር ሲፈልጉ የሐለቡን ፈትነው እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበሬው ለቀቁት። (መቼም ምርት የፍሬ ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ተክል ስንት ፍሬ ያዘ የሚለውም አለ፣ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። አዳቃዩ ብዙ ዓይነት ዘር ከሌለው ከምኑ ይመርጣል?)

ከዚያ ሶርያ ውስጥ ጦርነት መጣ፤ ጣቢያው ከተመራማሪዎቹ እጅ ወጣ። ደግነቱ የዘሮቹ ቅጂ ቀድሞ ኖርዌይ፣ ስቫልባርድ ተልኮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሽምብራውም ጭምር ከዚያ ወጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና ተዘራ።

የእኛው ቡናማስ? እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የዘር ባንክ ውስጥ፣ ከየገበሬው ማሳና ጎተራ ተለቅሞ በብርድ ተቀምጧል።