ቆራሌው!

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ከየት መጣ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ቆርቆሮ ያለው» ነው፤ ከጩኸት ብዛት ተሸራርፎ እንዲህ ቀረ። ባለ ጆንያው ከየሰፈሩ የለቃቀመው ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይራገፋል። የመርካቶ ስም ራሱ የጣልያን ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አራዳን ለነጮች አለና የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። (ሐበሻም የተገፋበትን ቦታ ከተማ አደረገው!) አሮጌ በርሜል እየተቀጠቀጠ ምድጃ የሚሆነው እዚያ ነው።

የእኛ ቤት ባለ ትልቅ ሆዱ ቴሌቪዥን ግን በርሜል አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር እንዲህ ያለው ሣጥን የባለጸጎች ነበር። አሁን ተፈላጊው ሆዱ ውስጥ ያለው መዳብ ነው። መዳቡን ለማግኘት የሽቦው ፕላስቲክ ይቃጠላል፤ ጭሱን የሚስበው አቃጣዩ ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገዛ ስለሌለ ስብርባሪው የትም ይጣላል።

ባለፈው እናቴ «ሃምሳ ብር ጨምር» እያለች ቆራሌውን ስትከራከረው፣ እኔ ስለ ጭሱ ጠየቅኩት።

«ለምጄዋለሁ እህቴ» አለኝና ቴሌቪዥኑን ትከሻው ላይ አወጣው።