ግማሽ ድምፅ፦ የፍሎሪዳና የሚሺጋን ሙግት

የ2008ቱን የአሜሪካ ምርጫ (እዚህ ያሉት ዘመኖችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በባራክ ኦባማ ድል ነው። ኬንያ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኪባኪ ኖቬምበር 6ን የሕዝብ በዓል ብለው አውጀው ነበር። ከዚያ ድል በፊት ግን ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ ወራት የፈጀ ክርክር ነበራቸው። ክርክሩም እቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ የሚገባው ዓይነት ነው፦ ዕጣው ከወጣ በኋላ ደንቡ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ?

በአሜሪካ የፓርቲ እጩ የሚለየው በየክፍለ ግዛቱ በሚደረግ ቅድመ ምርጫ ነው። መራጩ ድምፅ ይሰጣል፤ በውጤቱ መጠን ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ልዑካን ይደለደላሉ፤ ልዑካኑ በጉባኤ ተሰብስበው እጩውን ይሰይማሉ። ማን ቀድሞ ይመርጣል የሚለው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ገበያ ቀድሞ የደረሰ ዋጋ እንደሚቆርጠው ማለት ነው። የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደንብ ከፌብሩዋሪ 5 በፊት እንዲመርጡ የፈቀደው ለአዮዋ፣ ለኒው ሃምፕሻየር፣ ለኔቫዳና ለሳውዝ ካሮላይና ብቻ ነበር።

ሚሺጋን ጃንዋሪ 15ን፣ ፍሎሪዳ ጃንዋሪ 29ን መረጡ። ብሔራዊ ኮሚቴውም በ2007 ሁለቱንም ልዑካናቸውን በሙሉ ነጠቃቸው። ሪፐብሊካኖቹ ለተመሳሳይ ጥፋት የቀጡት ግማሹን ብቻ ነው። ፍሎሪዳዎች ቀኑን ያወጣው በሪፐብሊካኖች እጅ ያለው ምክር ቤት ነው ብለው ተከራከሩ፤ ይህ ከፊል እውነት አለው። ሚሺጋን ግን ሕጉን የፈረሙት ገዥ ራሳቸው ዴሞክራት ነበሩ።

ተወዳዳሪዎቹ በሁለቱ ቦታዎች ቅስቀሳ እንደማያደርጉ ቃል ገቡ። ኦባማና ጆን ኤድዋርድስ በሚሺጋን ስማቸውን ከወረቀቱ አስወጡ፤ ክሊንተን ስማቸውን ተዉት። በውጤቱም ክሊንተን 55 በመቶ ሲያገኙ 40 በመቶ ያህሉ መራጭ «ማንንም አልወሰንኩም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ፍሎሪዳ ላይ የሁሉም ስም ነበር፤ ክሊንተን 50፣ ኦባማ 33 በመቶ አገኙ።

ፉክክሩ ሲጠብ ክሊንተን የሁለቱም ይቆጠር አሉ። የኦባማ ወገን ደንብ ደንብ ነው አለ። የሁለቱም አቋም ከየጥቅማቸው ጋር አብሮ መሄዱን ልብ ይሏል። ምርጫውን መድገም ተሞክሮ ከሸፈ።

በእነዚያው ወራት ኬንያ በዲሴምበር 2007ቱ ምርጫ ሳቢያ ትታመስ ነበር። ተቃዋሚዎች በፍርድ ቤቱ ስላላመኑ አቤቱታ አላቀረቡም፤ ኪቤራ ላይ ሐዲድ ተነቀለ፤ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ነዳጅ አጠራቸው፤ በኮፊ አናን ሽምግልና ስምምነት የተፈረመው ፌብሩዋሪ 28 ነበር። የሁለቱ ክርክር ክብደት አንድ አይደለም። ነገር ግን ተሸናፊው የሚያምነው ዳኛ መኖሩ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማየት የሞምባሳን መንገድ የሚጠቀም ነጋዴ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የአሜሪካኖቹ ዳኛ 30 አባላት ያሉት የደንብና መተዳደሪያ ኮሚቴ ነበር። ሜይ 31 ቀን ዋሽንግተን ሆቴል ውስጥ ተቀመጠ፤ አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ። ከአባላቱ መካከል የክሊንተን ደጋፊዎች ከኦባማዎቹ ይበልጡ ነበር። ሆኖም ፍሎሪዳ በሙሉ ድምፅ ትመለስ የሚለው ሐሳብ 12 ለ15 ወደቀ። ቀጥሎ ልዑካኑ ሁሉ ይግቡ፣ እያንዳንዳቸው ግን ግማሽ ድምፅ ይኑራቸው የሚለው 27 ለ0 አለፈ። የክሊንተን ሰዎችም አብረው እጅ አወጡ።

ከባዱ ሚሺጋን ነበረች። ስሙ ወረቀቱ ላይ ላልነበረ ሰው ስንት ይሰጠዋል? የክሊንተን ወገን ከ128ቱ 73 ለ55 አለ፤ የኦባማ ወገን 64 ለ64። የሚሺጋን ፓርቲ መሐሉን ይዞ 69 ለ59 ብሎ አቀረበ፤ እሱም በግማሽ ድምፅ 19 ለ8 ጸደቀ። የክሊንተን አማካሪ ሃሮልድ ኢክስ አራት ልዑካን ተሰረቁብን ብለው በቁጣ ተናገሩ፤ ጉዳዩን ወደ ጉባኤው የመውሰድ መብታችን እንደተጠበቀ ነው አሉ። (እኚሁ ሰው በ2007 ፍሎሪዳ ስትቀጣ ከቀጪዎቹ አንዱ ነበሩ።) በሂሳብ ካየነው ቅሬታቸው መሠረት አለው፤ 69 ለ59 ከማንም ድምፅ ቆጠራ የወጣ ቁጥር አይደለም፣ ድርድር ነው። ለእኔ ግን ስሙ በሌለበት ምርጫ «ትክክለኛ» ቁጥር የሚባል ነገር መኖሩም አጠራጣሪ ነው።

ውሳኔው ክሊንተንን በ24 ድምፅ አቀረባቸው፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን ደግሞ ከ2,026 ወደ 2,118 ከፍ አደረገው። ጁን 3 ኦባማ አዲሱን መስመር አለፉ፤ ጁን 7 ክሊንተን ውድድሩን አቁመው ድጋፋቸውን ሰጡ። ኢክስ ያስጠበቁት ይግባኝ ሳይነሳ ቀረ። ኦገስት ላይ ዴንቨር ጉባኤ ዋዜማ፣ በኦባማ ጥያቄ፣ የሁለቱም ክፍለ ግዛቶች ሙሉ ድምፅ ተመለሰ፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚለውጠው ውጤት አልነበረም።

ፍሎሪዳ በ2012 እንደገና ተሽቀዳደመች፣ በጃንዋሪ 31። ሪፐብሊካኖቹም ከ99 ልዑካኗ ግማሹን ቆረጡ፤ የቀሩትን 50 ሚት ሮምኒ ጠቅልለው ወሰዱ።